ከመለወጥ በፊት መለካት

ዛሬ ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስ ላጫውታችሁ ነው። አውቶሞቢል የሌለው አንባቢ «ይህስ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ገጹን እንዳይገልጠው እለምነዋለሁ። እኔም ብሆን አውቶሞቢል የለኝም፤ ቮልሷ የአባቴ ናት። ደግሞም ነገሩ የሚጀምረው በሞተር ነው እንጂ በሞተር አያልቅም።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ዘመን ድካም የተረፋቸው ሀብት ሁለት ነው፤ አንደኛው ገርጂ ያለችው ቤታችን፣ ሁለተኛው በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቮልሳቸው። በወር አንድ ቀን ለሕክምና የሚሄዱት በእርሷ ነው፤ እሑድ እሑድ ቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚሳለሙትም በእርሷ ነው። መሪውን ዛሬ የምይዘው እኔ ብሆንም ጌታዋ እርሳቸው ናቸው።

ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ሜክሲኮ ውስጥ በፑዌብላ ከተማ ሠርቶ ያበቃው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የእኛ ከተማ ግን ገና አላሰናበተቻትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። እንግዲህ በእጅ ያለችውን አሮጌ ጠግኖ መያዝ ለብዙ ቤተ ሰብ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የኑሮም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የቤንዚን ሞተር የሚዞረው በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ቤንዚንና አየር በእሳት ፍንጣሪ ሲቀጣጠል ነው። ፍንጣሪውን የሚሰጠው ካንዴላ ነው፤ ዳሩ ግን የባትሪው 12 ቮልት ብቻውን በካንዴላው ጫፍ ያለችውን ክፍተት ሊዘላት አይችልም። ስለዚህ ኮይል የሚባለው ጥቅል ሽቦ በመካከል ይገባል። ኮረንቲ በኮይሉ ውስጥ ሲያልፍ ቆይቶ ድንገት ሲቋረጥ፣ የተከማቸው የማግኔት ኀይል ይናድና ከ10 ሺህ ቮልት የሚበልጥ ግፊት ይፈጥራል። ይህን ድንገት የማቋረጥ ሥራ የሚሠራው ፑንቲና ነው። ፑንቲና ማለት በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እንደ ዓይን ቆብ የሚከፈቱና የሚከደኑ ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው 6,000 ጊዜ፣ ማለት በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ይከፈታል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ከ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ያስፋፋው ይህ ዘዴ ከስድሳ ዓመት በላይ ዓለምን አገልግሏል።

ነገር ግን የሚነካካ ነገር ሁሉ ይበላል። ነጥቦቹ በጊዜ ብዛት ይቃጠላሉ፤ የታዘዘላቸው 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይዛባል፤ ሞተሩም ይሰንፋል። ከዚህ የተነሣ ኋላ የመጣው ዘመን ፑንቲናውን አስወጥቶ በምትኩ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ አስገባ። ማግኔቶች ያሉበት ቀለበት በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ይጠለቃል፤ በአጠገቡ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሣጥን ማግኔቶቹ ሲያልፉ እያወቀች ኮረንቲውን ትቆርጣለች። በብዙዎቹ ውስጥ የሚሠራው ኤድዊን ሆል በ1879 እ.ኤ.አ. ያገኘው የማግኔትና የኮረንቲ ጠባይ ነው። የሚነካካ የለ፤ የሚቃጠል የለ። የክራይስለር ኩባንያ በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሚሸጣቸው አውቶሞቢሎች ሁሉ ፑንቲናን ትቶ ይህን የመሰለ አሠራር መደበኛ አደረገ። ለአሮጌ ቮልስ የሚሆነውም ዕቃ በትንሽ ካርቶን ይሸጣል።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዳችን ይህን ዕቃ በሻንጣው ይዞልኝ ሲመጣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ኮተቤ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው፣ ይህችን ቮልስ ከእኔ ዕድሜ በላይ የሚያውቋት አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። እርሳቸው ግን ዕቃዋን በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና፣ «መምህር፣ ፑንቲና ሲታመም ይነግርሃል። ይህች ግን ስትሞት አትናገርም» አሉኝ። እኔም በልቤ «የሽማግሌ ወግ» አልኩ። መግለጫውን እያነበብኩ፣ ቀዩን ሽቦ ከኮይሉ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከነጌቲቭ አገናኝቼ፣ በእርሳቸው ግቢ ውስጥ በገዛ እጄ ገጠምኩት። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቀጥ ብሎ ሠራ። አባቴም «ልጄ ተምሯል» አሉ።

ይህ ደስታ የቆየው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ሐምሌ ገብቶ ብርዱና ዝናቡ ሲበረታ ቮልሷ ጧት ጧት እምቢ ማለት ጀመረች። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ተስፋ ቆርጬ ቁልፉን ስለቅ፣ በዚያችው በመጨረሻዋ ቅጽበት አንድ ጊዜ አስነጥሶ ይነሣል። አንባቢዬ፣ ይህችን ምልክት ያዝልኝ፤ መልሱ ሁሉ በእርሷ ውስጥ ነበር። እኔ ግን አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስታውስ አፍራለሁ። አንዱ ጎረቤት «ካርቡራተር ነው» አለ፤ ካርቡራተሩን አወረድኩና አጠብኩት። ሌላው «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ካንዴላ ይጠቁራል» አለ፤ እውነት አለው፣ ዳሩ ግን ከፍታው ትናንት የመጣ አልነበረም። የሆነ ሆኖ አራት ካንዴላ ገዛሁ። ቀጥሎ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን እርጥበት ይዟል ብዬ በጨርቅ አደረቅሁት። በመጨረሻ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ «ኀይለኛ ነው፣ የእሽቅድምድም ነው» የተባለ ኮይል ገዛሁ። የግማሽ ወር ደመወዜ በዚህ አለቀ። ቮልሷም ባሰባት።

አባቴ የሐኪም ቀጠሮ በነበራቸው ቀን ጭራሹን ሳይነሣ ቀርቶ ገፍተን አስነሣነው። ወደ መገናኛ ስንቃረብ ደግሞ አንድ ሰው ቁልፉን እንደ ዘጋው ሁሉ ሞተሩ ድንገት ዝም አለ። ሳል የለም፣ መንገጫገጭ የለም፤ ዝም ብቻ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ አባቴን በጃንጥላ ደግፌ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳቸው፤ ሲደርሱ ተራቸው አልፎ ለሌላ ወር ተቀጠሩ። እኔ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቮልሷ ጋር ከተቀመጥኩ በኋላ ቁልፉን ባዞርና ገፊ ቢረዳኝ፣ ምንም እንዳልሆነች ተነሣች።

ንዴቴን ይዤ በቀጥታ ኮተቤ ሄድኩ። በተማሪዎቻቸው ፊት ሽማግሌውን፣ «ጋሼ፣ ዕቃውን መጀመሪያም አልወደዱትም። ባለፈው ሰሞን ዘይት ሲቀይሩ ነካክተው አበላሽተውት ይሆናል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ አልመለሱልኝም። በእጃቸው የነበረውን መፍቻ በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡና ወደ ውስጥ ገቡ። ከተማሪዎቹ አንዱ መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ የተናገርኩት ነገር ክብደቱ ገና አልተሰማኝም ነበር።

ማታ ቡና ሲፈላ የሆነውን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው። እርሳቸው ስለ ሞተር ምንም አያውቁም። ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «በእኛ መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲጠፋ ምን የምናደርግ ይመስልሃል? ባለጉዳዩን ሌላ ደብዳቤ ጻፍ እንለዋለን? ወይስ የመጨረሻውን ጸሓፊ እንቀጣለን? የለም። ከገቢ መዝገቡ እንጀምራለን። ማን ተረከበ? ለማን ፈርሞ ሰጠ? ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየሄድን፣ የተሰጠበት ፊርማ ኖሮ የተረከበበት ፊርማ በሌለበት ቦታ ደብዳቤው ተኝቶ ይገኛል። አንተ ግን መዝገቡን ሳታይ አራት ሰው ቀጣህ፤ አምስተኛውን ሽማግሌ ሰደብክ።»

በማግሥቱ ወደ ኮተቤ ስመለስ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሽማግሌው «አምጣት» አሉኝ። ከመሣቢያቸው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ፤ በውስጡ እኔ የጣልኩት መስሎኝ የነበረው አሮጌ ፑንቲና ከነኮንዴንሰሩ፣ እንዲሁም የድሮው ኮይል ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አዲሷን ዕቃ ነቅለው አሮጌውን ፑንቲና መለሱ፤ የድሮውንም ኮይል አሰሩ። ፑንቲናው እንዲዘጋና ኮረንቲ እንዲያልፍ ሞተሩን በእጃቸው ጥቂት አዞሩት። ቁልፉን አስከፈቱኝና ቴስተራቸውን ይዘው ልክ አባቴ እንዳሉት ጠረጴዛ በጠረጴዛ መሄድ ጀመሩ።

እዚህ ላይ የቮልስን ጠባይ ልንገራችሁ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ሞተሯም ከኋላ ነው። የማስነሻው ቁልፍ ግን ከፊት ነው። ስለዚህ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ኮረንቲ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ፊት ድረስ ተጉዞ፣ በቁልፉ ቤት አልፎ፣ እንደ ገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ሽቦና ማያያዣ በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ተደርድሯል።

መለኪያው በባትሪው ላይ 12.4 ቮልት አለ። ወደ ቁልፉ ቤት መግቢያ ሲደርስ 12.1። ከቁልፉ ቤት ሲወጣ 10.1። ከኮይሉ ዘንድ ሲደርስ 9.3። ሽማግሌው ቁልፉን አስዘጉኝና «ያውልህ ደብዳቤህ» አሉኝ፤ የአባቴን ነገር ነግሬአቸው ኖሯል። 2 ቮልት የተኛው በተበላው የቁልፍ ቤት ውስጥ ነው፤ 0.8 ደግሞ ከኋላ ወንበር አጠገብ አንድ ሰው በጥንት ዘመን ጠምዝዞ በፕላስተር በጠቀለለው ሽቦ ላይ።

ከኪሴ ወረቀት አወጣሁ። በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው የኦም ሕግ ነበር። ኮይሉ 3 ኦም ነው፤ 9.3 ቮልት ለ3 ሲካፈል 3.1 አምፔር ይሆናል። በመንገድ የጠፋው 3.1 ቮልት ለ3.1 አምፔር ሲካፈል 1 ኦም። እንግዲህ በማንም ንድፍ ላይ ያልተጻፈ አንድ ኦም በአሮጌው መንገድ ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር። ፑንቲናው ይህን ታግሦ ኖሯል፤ ሁለት ብረቶች ለመነካካትና ለመለያየት ቮልት አይጠይቁምና፣ ደካማም ቢሆን ፍንጣሪ ይሰጣል። የኤሌክትሮኒክ ዕቃዋ ግን ለራሷ መኖሪያ የሚበቃ ቮልት ካላገኘች ከነጭራሹ አትሠራም። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ወደ 10 ቮልት ቢወርድ፣ ለእርሷ የሚደርሳት 7.5 ብቻ ነው። ቁልፉን ስለቅ ሞተሪኖው ኮረንቲ መውሰዱን ይተዋል፤ ቮልቱ ከፍ ይላል፤ ሞተሩ ገና በመዞር ላይ እያለ ዕቃዋ ትነቃለች። ያ የመጨረሻ ቅጽበት ማስነጠስ ትርጉሙ ይህ ነበር።

ቀጥሎ ሽማግሌው የገዛሁትን «ኀይለኛ» ኮይል ለኩት፤ 1.5 ኦም ሆነ። ይህን ጊዜ ወረቀቱን ለማንም ማሳየት አፈርኩ። 12.4 ለ2.5 ሲካፈል 5 አምፔር ያህል ነው፤ በተደበቀው አንድ ኦም ላይ የሚጠፋው ደግሞ 5 ቮልት ያህል። ማለት፣ መድኃኒት ብዬ በገዛሁት ኮይል ምክንያት ለዕቃዋ የሚደርሳት ቮልት ከ9.3 ወደ 7.4 ወረደ፤ ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ወደ 6። ከዚህም በላይ ያ ሁሉ ኮረንቲ በእርሷ ውስጥ ሲያልፍ እያሞቃት መገናኛ ላይ ዝም አሰኛት፤ ግማሽ ሰዓት ስትቀዘቅዝ ተመለሰች። የሚያስቀውና የሚያስፈራው ነገር፣ ሽቦው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ወደ 8 አምፔር የሚጠጋ አልፎባት ፈጽሞ ባቃጠላት ነበር። የድሮው ጉድለት ከእኔ ጥፋት አዳናት። የመጀመሪያው በሽታ የቮልሷ ነው፤ ሁለተኛው ግን የእኔ ነው።

የቁልፉ ቤት ተለወጠ፤ ያ የተጠመዘዘ ሽቦ ተቆርጦ በደንብ ተያያዘ፤ የድሮው ኮይል ቀረ፤ አዲሷ ዕቃ ተመለሰች። ኮይሉ ዘንድ 12 ቮልት ደረሰ። ሽማግሌው የሚቀጣጠልበትን ሰዓት በመብራት አስተካከሉ። ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ያን ጊዜ፣ ቀድሞ በተናገርኩበት ቦታ፣ በዚያው በተማሪዎቻቸው ፊት፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳልለካ ተናገርኩ» አልኳቸው። እርሳቸውም «ዕቃዋ ደኅና ናት፤ እኔም አምቻት ነበር። ሁለታችንም ሳንለካ ነው የተናገርነው» ብለው ሳቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኦምን ሕግ አስተምራለሁ፤ እኔም የእጅ ሥራ እማራለሁ።

ይህን የመሰለ ዕቃ በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ለገጠመ ወይም ሊገጥም ላሰበ አንባቢ የተማርኩትን በአጭሩ ልጻፍ።

አንደኛ፣ ሞተሩ እንዴት እንደ ጠፋ አስተውል። እየሳለና እየተንገጫገጨ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ነው፤ እንደ ተዘጋ ቁልፍ ድንገት ዝም ካለ ኮረንቲን ጠርጥር።

ሁለተኛ፣ ከባትሪው ጀምር። ጫፎቹን አጽዳ፤ ነጌቲቩንም አትርሳ። በቮልስ ላይ የማርሹን ሣጥን ከአካሉ ጋር የሚያያይዝ የተጎነጎነ የሽቦ መቀነት አለ፤ እርሱ ከዛገ ሞተሪኖውም ፍንጣሪውም አብረው ይደክማሉ።

ሦስተኛ፣ ቮልቱን ከባትሪ እስከ ኮይል እየተከተልክ ለካ። ስትለካ ኮረንቲ በኮይሉ ውስጥ እያለፈ ይሁን፤ ኮረንቲ በማያልፍበት ሽቦ ላይ በሽታው አይታይም። ሞተሪኖው እየዞረም ለካ።

አራተኛ፣ የኮይሉ ኦም ዕቃው ከሚጠይቀው ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ከመግዛትህ በፊት መርምር። «ኀይለኛ» የሚለው ቃል መለኪያ አይደለም።

አምስተኛ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አታምታታ፤ ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉን ከፍተህ ረጅም ጊዜ አትተው። ብዙዎቹ ዕቃዎች የሚሞቱት በእነዚህ በሁለቱ ነው። ወደ ካንዴላ የሚሄዱትንም ሽቦዎች ሞተሩ ሲሠራ በእጅህ አትንካ።

ስድስተኛ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጥ። ሁለት ነገር ለውጠህ ቢድን የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም፤ ቢብስም የትኛው እንደ ገደለህ አታውቅም። አሮጌውን ፑንቲና ከነኮንዴንሰሩና ከአንዲት ጠመንጃ መፍቻ ጋር በአውቶሞቢሉ ውስጥ አስቀምጥ፤ በመንገድ ስትቆም ቤትህ ያገባሃል።

አሁን አውቶሞቢል የሌለውን አንባቢዬን ልመልስ። በአሮጌ ቢሮ ውስጥ አዲስ አሠራር ሲገባና ሳይሠራ ሲቀር እንዴት ያለ ጫጫታ እንደሚነሣ አንተም ሳታየው አትቀርም። ሽማግሌዎቹ «አዲሱ ነው የማይረባ» ይላሉ፤ ወጣቶቹ «ሽማግሌዎቹ ናቸው ያበላሹት» እንላለን። አዲሱ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው፣ አሮጌው ሲሸከመው የኖረውን የተደበቀ አንድ ኦም ማውጣት ነው። ያን ቦታ የሚያገኘው የሚጮኸው ሰው አይደለም፤ መለኪያውን ይዞ ከመዝገቡ የሚጀምረው ነው። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። እኔ ተምሬአለሁ ብዬ ጠምጥሜ ነበር፤ የተማርኩትን ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳው አውርዶ በእጄ ያስያዘኝ ግን ኮተቤ ያለ የዘይት ሽታ የሞላበት ጋራዥ ነው።

አባቴ ባለፈው ወር ቀጠሯቸው በሰዓቱ ደረሱ። ከቮልሷ ሲወርዱ በሩን ቀስ ብለው ዘጉና «ደብዳቤው ተገኘ ማለት ነው» አሉኝ።